ርካሽ መሣሪያ በክብደቱና በአገሩ አይመዘንም፦ ለአንድ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎንደር በያጆች፣ ቶርኖ (ብረት መቅረጫ ማሽን) ቤቶችና ወርቅ ሠሪዎች ዘንድ ከስልክ ስልክ እየተላለፈ ያለ አንድ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው የተነሱት ሥራ የሚጀምሩ ወጣቶች መሣሪያ ሲገዙ ምን ማየት እንዳለባቸው ለመምከር ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይኸው ነው፤ ከባዱን ግዙ፣ የቻይና ዕቃ አትንኩ፣ ዲጂታል ከሆነ ብዙ አሃዝ የሚያሳየውን ምረጡ፣ ሚዛን በጠገራ ብር ሞክሩት፣ የብየዳ ማሽን አምፔሩ ከፍ ያለውን ውሰዱ፣ የግራይንደር (የብረት መቁረጫ) ዲስክ ግን ሁሉም አንድ ስለሆነ እሱ ላይ ገንዘባችሁን ቆጥቡ።

የተነሱበት ጉዳይ ተገቢ ነው። አራዳ ላይ ከሱቅ ሱቅ ዞሮ ዕቃ የገዛ ሁሉ የሚያውቀው ችግር ነው፤ ብዙ ጊዜ ሻጩ ራሱ የሚሸጠውን አያውቀውም፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውም ካርቶኑ ላይ ይቀራል። ምክራቸው ግን ዕቃውን በመልኩ እንድንፈርድበት የሚያደርግ ነው። መሣሪያ የሚፈረድበት ልኩ ከሚታወቅ ነገር ጋር ሲገጥምና ለታሰበለት ሥራ ሲሞከር ነው፤ ውድም ይሁን ርካሽ። ይህን ይዤ ነጥቦቻቸውን በተራ አያለሁ። ሁሉም ላይ እኩል አልቆይም፤ አንዳንዱ ብዙ የሚያስቆም አይደለም።

«ጥሩ መሣሪያ በእጅ ሲያዝ ይከብዳል» ይላሉ። ሞርሳን (ብረት አጥብቆ የሚይዘውን መንጋጋ) እንውሰድ። ገበያ ላይ ያለው ርካሽ ሞርሳ በአብዛኛው ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው። ጊዛ ይከብዳል፣ ግን ተሰባሪ ነው፤ መዶሻ ሲበዛበት ሳይጎብጥ ይሰነጠቃል። ተቀጥቅጦ የተሠራው የስቲል ሞርሳ ከሱ ቀልሎም ይጠነክራል። የብየዳ ማሽንም ቢሆን የድሮው ትራንስፎርመር ሁለት ሰው ያሸክም ነበር፣ የዛሬው ኢንቨርተር በትከሻ ይንጠለጠላል፤ ክብደቱ የሚነግረን የአሠራሩን ዓይነት እንጂ ጥራቱን አይደለም። ሞርሳ የሚገዛ ሰው ይልቅ ገልብጦ ይየው። ከሥሩ፣ ቀለሙ በሳሳበት በኩል፣ በካቻቢቴ ጫፍ ጫር ጫር ሲያደርገው ስቱኮ እየተፈረፈረ ከወጣ ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ የቀረ ቀዳዳ ተደፍኖበታል። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ወረቀት በመንጋጋው ግራና ቀኝ አስገብቶ ያጥብቅና ሁለቱንም ይሳብ። አንዱ ተይዞ ሌላው ከተንሸራተተ መንጋጋው ትይዩ አይደለም። ለዚህ የሚያስፈልገው የሱቁ ደረሰኝ ወረቀት ብቻ ነው።

«የቻይና ዕቃ አትንኩ» የሚለው ደግሞ ሊተገበር የማይችል ምክር ነው። ጎንደር ውስጥ ያሉ ሱቆች መደርደሪያ ላይ የቻይና ያልሆነውን ለይታችሁ አውጡ ብባል እጄን አጣጥፌ ነው የምቆመው። ጉዳዩ ግን ከዚህ ያልፋል። የቻይና ፋብሪካ ገዢው በከፈለው መጠን ነው የሚሠራው፤ በአንድ ጣራ ሥር ጥሩም መናኛም ይወጣል። «የጃፓን ብቻ ግዙ» የሚለው ምክራቸው እንዲያውም ወጣቱን ወደ ባሰው ይመራዋል። ሚቱቶዮ የሚል የጃፓን ስም የተጻፈባቸው ካሊፐሮች (በመንጋጋ ይዘው ስፋትና ውፍረት የሚለኩ) በዓለም ላይ በብዛት አስመስለው ከሚሠሩት የመለኪያ ዕቃዎች መካከል ናቸው። ኤስ.ኬ.ኤፍ የሚል ታዋቂ ስም ያለበት ኩሽኔታም (ዘንግ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) እንደዚያው። ስም የሌለው ርካሽ ካሊፐር ቢያንስ ስለ ራሱ አልዋሸም። ታዋቂ ስም ይዞ በርካሽ የሚሸጠው ግን ገና ከመነሻው ውሸት አለበት፤ በስሙ የዋሸ በልኩ እውነት ይናገራል ብዬ አላምንም።

የፑንታም (የመብሻ ጫፍ) ነገር እንዲሁ ነው። ወርቃማ ቀለም ያለው ሁሉ የተለበጠ ጠንካራ ፑንታ ይመስለናል፤ ቀለም ብቻ የሆነው ብዙ ነው። ጅራቱን ሞላው (የሚሽከረከረው መሳያ ድንጋይ) ላይ ነካ አድርጎ ፍንጣሪውን ማየት ይሻላል። ኤች.ኤስ.ኤስ የሚባለው፣ ለብረት የሚሆነው ጠንካራ ስቲል ፍንጣሪው ጥቂትና ደብዘዝ ያለ ቀይ ነው። ደማቅ፣ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የሚፈነዳ ከሆነ ተራ የካርቦን ስቲል ነው፤ ለእንጨት ይሆናል፣ ለብረት ግን ከጥቂት ቀዳዳ በኋላ ይደነዝዛል።

አሁን ወደ አሃዙ። ጸሐፊው «0.01 ሚሊ ሜትር የሚያሳይ ካሊፐር በ0.01 ይለካል» ብለው ጽፈዋል። አይለካም። የሚያሳየው አሃዝ ሌላ፣ የሚሳሳትበት መጠን ሌላ ነው። ጥሩ ስም ያለው የ150 ሚሊ ሜትር ዲጂታል ካሊፐር እንኳ በወረቀቱ ላይ የሚሰጠው ዋስትና 0.02 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ነው፤ ርካሾቹ 0.03 ይጽፋሉ። ስለዚህ የመጨረሻው አሃዝ እንደ ግምት ነው የሚታየው። ኩሽኔታ የሚገባበትን ቤት በቶርኖ የሚያወጣ ልጅ ያንን አሃዝ አምኖ ከቆረጠ፣ ኩሽኔታው ወይ አልገባም ይላል ወይ ሲሽከረከር ይውላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ማይክሮሜትር የሚባለው፣ ብሎን እያዞሩ የሚለኩበት መሣሪያ ነው የሚያስፈልገው፤ ርካሽ ማይክሮሜትር ከውድ ዲጂታል ካሊፐር ይበልጣል።

ይህ ማለት ግን ርካሹ ካሊፐር አይረባም ማለት አይደለም። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ማመሳከሪያውም ማንኛውም የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ አለ፦ አዲስ ኩሽኔታ። 6203 የሚል ቁጥር ያለው ኩሽኔታ የውስጥ ቀዳዳው 17፣ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው። በተራው ደረጃ የተሠራ ቢሆን እንኳ የውጭው ከ40 የሚያንሰው ቢበዛ በ0.011፣ የውስጡ ከ17 የሚያንሰው ቢበዛ በ0.008 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከልኩ ማለፍ ደግሞ አይፈቀድለትም። 6205 ከተገኘ 25 እና 52 ነው። ካሊፐሩ በእነዚህ ላይ 0.03 ውስጥ ከቆየ ለበያጅም ለመካኒክም ይበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። የኩሽኔታውን ውፍረት ለማመሳከሪያ አትጠቀሙ፤ 6203 ውፍረቱ 12 ነው ተብሎ ቢጻፍም እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር ማነስ ይፈቀድለታል። በውፍረቱ ለክተው ደህና ካሊፐር የጣሉ ሰዎች አሉ። አስመሳይ ኩሽኔታ እንዳይገጥማችሁ ከሰጋችሁም ስማቸው የተለያየ ሁለት አንሡ፤ ሁለቱም በአንድ ዓይነት መጠን ከሳቱ ጥፋቱ የካሊፐሩ ነው።

ከዚያ በፊት ግን መንጋጋውን ዘግታችሁ ወደ በሩ ብርሃን አቅኑት። ብርሃን በጫፉ ብቻ ወይም በሥሩ ብቻ ከታየ መንጋጋው ጠምሟል። ዜሮ አድርጋችሁ ተንሸራታቹን በፍጥነት እስከ ጫፍ ውሰዱና መልሱት፤ ዜሮው ዜሮ ሆኖ ካልተመለሰ በምንም ዋጋ አትግዙት። ይኸው አንድ ኩሽኔታ በመንጋጋው ጫፍና በመንጋጋው ሥር ሲለካ የተለያየ ቁጥር ከሰጠ ተንሸራታቹ ይወዛወዛል፤ ከላይ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በማጥበቅ አንዳንዴ ይስተካከላል። ቁጥሩ መርገብገብ ሲጀምር ደግሞ ካሊፐሩን ከመርገም በፊት ባትሪውን ቀይሩ። ብዙዎቹ ርካሽ ካሊፐሮች ከጠፉም በኋላ ባትሪ መብላታቸውን አያቆሙም፤ እኔ ማታ ማታ አውጥቼ ነው የማስቀምጠው።

ሚዛኑ ላይ ረዘም ላድርግ፤ ጸሐፊው እውነት የተጠጉትም ሆነ በጣም የራቁት እዚህ ላይ ነው። ምክራቸው፣ የኪስ ዲጂታል ሚዛን ስትገዙ ጠገራ ብር አስቀምጡበትና 28.07 ግራም ካለ ትክክል ነው የሚል ነው። ክብደቱ በሚታወቅ ነገር ፈትሹ ማለታቸው ትክክል ነው፤ ይህን እንኳ የማያደርግ ገዢ ብዙ ነው። ቁጥሩም ትክክል ነው፤ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ብር ሲወጣ 28.0668 ግራም ነበር። ችግሩ «ሲወጣ» የሚለው ላይ ነው። አገራችን ውስጥ ያለው ጠገራ ብር ከእጅ እጅ ሲዞር፣ ሲፋተግ፣ በአንገት ሲንጠለጠል የኖረ ነው፤ ብዙው ጆሮ ተበይዶለት ኋላ ተቆርጧል። ዓመቱም ቢሆን አያረጋግጥም፤ ያው 1780 ተብሎ በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ሳይቀር ተመትቷል። በሁለት መቶኛ ግራም የሚከራከር ወርቅ ሠሪ፣ ምን ያህል እንደተበላ በማይታወቅ ብር ሚዛን ሊፈትሽ አይገባም። በዚያ ላይ 28 ግራም 200 ግራም የሚችል ሚዛንን ከታች በኩል ብቻ ነው የሚፈትነው፤ ከላይ 150 ላይ ምን እንደሚል አይነግርም።

ጸሐፊው ጨርሶ ያላነሱት አንድ ጉዳይ ደግሞ ጎንደርን በቀጥታ ይመለከታል። የኪስ ዲጂታል ሚዛን በውስጡ ያለች ትንሽ ብረት ስትጎብጥ የሚሰማትን ጫና ነው የሚለካው፤ ማለትም የምድርን ስበት። ስበት ደግሞ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። ሚዛኑ በተሠራበትና በተስተካከለበት በቻይና የባሕር ዳርቻ ካለው ስበት የጎንደሩ ከሺህ አንድ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ከካርቶኑ የወጣ ምንም ጉድለት የሌለበት ሚዛን 100 ግራም ወርቅ ሲቀመጥበት 99.9 አካባቢ ሊል ይችላል። አሥረኛ ግራም ወርቅ ስንት እንደሆነ ለወርቅ ሠሪ አልነግርም። ውድ ሚዛንም እዚህ መጥቶ ካልተስተካከለ ይኸው ነው። ሁለት ሳህን ያለው የድሮ ሚዛን ብቻ ከዚህ ነጻ ነው፤ ሁለቱም ወገን እኩል ስለሚሳብ።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ከሚዛኑ ጋር የ100 ወይም የ200 ግራም ማስተካከያ ክብደት ግዙ፤ የትኛውን እንደሚፈልግ ሚዛኑ ራሱ ማስተካከያ ቁልፉ ተጭኖ ሲቆይ በቁጥር ያሳያል። ኤም 1 የተባለ ደረጃ ያለው የ100 ግራም ክብደት ቢሳሳት በ5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለኪስ ሚዛን ከበቂ በላይ ነው። እሱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ በእጅ አትነካኩት። ሚዛኑን ይዛችሁ ወደ መተማ ከወረዳችሁ እዚያም እንደገና አስተካክሉት፤ ከፍታው ሲቀየር ቁጥሩም ይቀየራል። ክብደቱን ራሱ የሚጠራጠር ካለ አዲስ አበባ ያለው የሥነ ልክ ኢንስቲትዩት የሚፈትሽበት አሠራር አለው።

ከተስተካከለ በኋላ ጥሩውን ከመናኛው የሚለየው ሌላ ነው። ክብደቱን መሐል ላይ አስቀምጡ፣ አንሡ፣ እንደገና አስቀምጡ፤ በየጊዜው ያው ቁጥር ይምጣ። ወደ ጠርዝ ገፋ አድርጉት፤ ከመሐሉ መለየት የለበትም። የ20 እና የ50 ግራም ክብደት ለየብቻ፣ ከዚያ አንድ ላይ መዝኑ፤ ድምሩ ካልተገናኘ ማስተካከያ አያድነውም። ክብደቱን ጭናችሁ አንድ ሻይ እስኪጠጣ ተዉት፤ ቁጥሩ እየሸሸ ከሄደ አትውሰዱት። ይህ ሁሉ ሲሆን ስልክ ከጎኑ አይኑር፣ የበሩም ነፋስ አያግኘው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የሚከተለው ነው። አንድ ወርቅ ሠሪ ጎረቤቴ የሞረድ ብናኝ በትንሿ ብሩሽ እየጠረገ ቀስ በቀስ ሳህኑ ላይ ያራግፍ ነበር። ብናኙ ለዓይን እየታየ ሲከማች ቁጥሩ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ሳህኑን ብድግ አድርጎ መልሶ ሲያስቀምጠው ቁጥሩ ዘለለ። ሚዛኑ አልተበላሸም። ርካሽ ሚዛኖች ዜሮአቸው እንዳይንሸራተት ትንንሽ ለውጥን እንደ ስሕተት ቆጥረው በራሳቸው ያጠፋሉ፤ እጅግ በዝግታ የሚጨመርን ነገር ከመንሸራተት አይለዩትም። ስለዚህ ብናኝ የሚመዝን ሰው ወይ ሁሉንም በሌላ ዕቃ ሰብስቦ አንዴ ያስቀምጥ፣ ወይ በጨመረ ቁጥር ሳህኑን እያነሣ ይመልስ። ጠገራ ብሩ ይህን በፍጹም አያሳይም፤ ድብ ብሎ ነውና የሚቀመጠው።

የብየዳ ማሽን። «ዋጋቸው ከተቀራረበ 200 አምፔር የሚለውን ውሰዱ፣ 160ውን ተዉት» የሚል ምክር ሰጥተዋል። እዚህ ላይ ሒሳቡን ብቻ ላስቀምጥ። በኤሌክትሮድ ብየዳ የእሳቱ ቮልቴጅ በደንቡ የሚሰላው አምፔሩ በ0.04 ተባዝቶ 20 ሲደመርበት ነው። ለ200 አምፔር 28 ቮልት ይመጣል፤ 28 በ200 ሲባዛ 5,600 ዋት ነው። ማሽኑ ራሱ የሚያባክነውን ስንጨምር ከግድግዳው 6,600 ዋት ገደማ መሳብ አለበት፤ በ220 ቮልት 30 አምፔር ማለት ነው። አሁን የማሽኑን ሶኬት ተመልከቱ፤ 16 አምፔር የሚል የተለመደው ሶኬት ነው። በሱ በኩል ሊያልፍ የሚችለው 3,500 ዋት ያህል ነው፣ ከሱ የሚወጣው የብየዳ ጉልበት ቢበዛ ለ120 አምፔር ይበቃል። ማታ ላይ መብራቱ ሲወርድ ደግሞ ከዚያም በታች። ታዲያ 200 የሚለው ጽሑፍ ከየት መጣ? ከቀለም ቤት።

የሚያስፈልገን ስንት ነው ብሎ መነሣት ይሻላል። በር፣ መስኮት፣ ላሜራና ቱቦላሬ የሚሠራ በያጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቃጥለው 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ነው፤ ከ70 እስከ 90 አምፔር ይበቃዋል። ከአምፔሩ ይልቅ ከጀርባው ያለውን ሠንጠረዥ አንብቡ፤ በመቶኛ የተጻፈው፣ ከአሥር ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ሳያርፍ እንደሚበይድ ነው። 20 በመቶ ካለ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ ስምንት ያርፋል። በዚህ ማሽን ቀኑን ሙሉ የአጥር በር እሠራለሁ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ሠንጠረዡ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ እዚያው ሱቁ በር ላይ ኤሌክትሮዶችን ሳያቋርጡ እያከታተሉ ማቃጠል ነው፤ እሺ የማይል ሻጭ ራሱ መልስ ሰጥቷል። ገመዱንም እዩ። ጫፉ ላይ የሚታየውን መዳብ በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚንየም ነው፤ ይግላል፣ ኤሌክትሮዱን የሚይዘው ፒንሳ ሥር ይቃጠላል። ማሽኑ ደህና ከሆነ ግን በዚህ ምክንያት አትተዉት፤ ዋጋ አስቀንሱበትና ገመዱን ቀይሩ።

የቀረው ዲስኩ ነው፤ ይህን ምላሽ እንድጽፍ ያስነሣኝም ይኸው ነው። «ዲስክ ሁሉም ያው ድንጋይ ነው፤ ያገኛችሁትን ርካሽ ግዙ፣ ትንሹ ግራይንደር ላይም ሽፋኑን አውልቆ ትልቁን ዲስክ መግጠም ይቻላል» ብለው ጽፈዋል። ካሊፐር ቢዋሽ ሥራ ይበላሻል፣ ሚዛን ቢዋሽ ገንዘብ ይጠፋል። ዲስክ ሲፈነዳ ዓይንና አንገት ነው የሚያገኘው። በእጅ ለሚያዝ ግራይንደር የሚሠራ የመቁረጫ ዲስክ በአብዛኛው ጠርዙ በሰከንድ 80 ሜትር እንዲሮጥ ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ 115 ሚሊ ሜትሩ በደቂቃ እስከ 13,300፣ 230ው እስከ 6,650 ዙር። ትንሹ ግራይንደር 11,000 ገደማ ይዞራል። 230ውን በሱ ላይ ስትገጥሙት ጠርዙ በሰከንድ 130 ሜትር ያልፋል። ይህ ከተሠራበት አቅም ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ነው፤ እንዲገጥም ተብሎ ደግሞ የሚያድነው ሽፋን አስቀድሞ ወልቋል።

ዲስክ ላይ ርካሽ የሚባለውን ገበያ ላይ ፈትኖ መለየት አይቻልም፤ ውስጡ ያለው መረብ በዓይን አይታይም። ስለዚህ ከሌሎቹ መሣሪያዎች የተለየ ሕግ አለው፦ የዙር ቁጥሩ ያልተጻፈበትን አትግዙ፣ መሐሉ ላይ ባለችው የብረት ቀለበት የተቀረጸውን ወርና ዓመት አንብቡ። ሙጫው ስለሚደክም ዕድሜው ከተሠራ ሦስት ዓመት ነው፤ እርጥበት ያገኘው ደግሞ ከዚያም በፊት ይደክማል፣ ክረምቱን በሱቅ ወለል ላይ ያሳለፈ ካርቶን ውስጥ ያለውን ጨምሮ። ቀኑ ያለፈበትን በቅናሽ የሚሸጡ አሉ፤ በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ከጸሐፊው ጋር መከራከራችንን ልንቀጥል እንችላለን፤ የሚሉት ካለ ደስ ብሎኝ አነባለሁ። ስለ ዲስኩ የጻፉትን አንቀጽ ግን ከጽሑፋቸው ቢያወጡት፣ የተላከላቸው ሰዎችም የተስተካከለውን እንዲያገኙ እንደገና ቢልኩት እለምናቸዋለሁ። አዘዞ መንገድ ላይ ካሉት ቤቶች በአንዱ ባለፈው ሳምንት ያየሁት ልጅ 230ውን በትንሹ ግራይንደር ላይ ገጥሞ ቱቦላሬ ይቆርጥ ነበር፤ ለምን ብለው የጠየቁትን ሰው ስልኩን አውጥቶ ያሳየው የእሳቸውን ጽሑፍ ነው።